የሴፍቲ ታንከሩ ትርፍ ውሃ ወዴት ይሂድ?

ከደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ካለ ሠፈር አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ከሁለት ዓመት በፊት በቤታችን ላይ አንድ ፎቅ ጨምሬ የምድሩን ክፍሎች አከራየሁ። ከተከራዮቼ ጋር አሁን 12 ሰዎች በግቢው እንኖራለን። የድሮው የሽንት ቤት ጉድጓድ ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላ ግንበኛው ከጎኑ ሴፍቲ ታንከር ሠራልኝ፤ ትርፉን ውሃ ግን በቱቦ ከመንገዱ የጎርፍ ቦይ ጋር አገናኘው። ‹ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ የሚወጣውም ንጹሕ ውሃ ነው› አለኝ። የልብስና የወጥ ቤት እጣቢ እስከ ዛሬ ወደ ድሮው ጉድጓድ ይገባል። ባለፈው ክረምት ከበታቼ ያሉት ጎረቤቴ የድጋፍ ግንባቸው ውሃ እያላበ እንደሚሸት፣ በግቢያቸው ያለችውና ቧንቧ በሚጠፋበት ቀን የሚቀዱባት ምንጭም እንደተበላሸች ነገሩኝ። ደንብ አስከባሪ እጠራለሁ ብለዋል። ግንበኛው ‹ቱቦውን ዘግተን ስምንት ሜትር ጉድጓድ እንቆፍር፤ ያኔ ሁሉም ይሰምጣል› ይላል። ሕጉ ምን ይላል? ጉድጓዱስ ያዋጣኛል? ከጎረቤቴ ጋርስ እንዴት ልነጋገር?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ምክንያቱን ከመዘርዘራችን በፊት መልሱን እናስቀድም። ወደ ጎርፍ ቦዩ የተዘረጋው ቱቦ ክረምት ሳይገባ መዘጋት አለበት፤ ስምንት ሜትሩን ጉድጓድ አያስቆፍሩ፤ ጎረቤትዎን ደግሞ ደንብ አስከባሪ ከመምጣቱ በፊት ራስዎ ሄደው ያነጋግሯቸው።

ግንበኛዎ «ንጹሕ ውሃ» ያለው በብዙ ግቢ የሚነገር ነገር ስለሆነ በእሱ ብቻ አንፈርድም፤ ይሁን እንጂ አባባሉ እውነት አይደለም። የሴፍቲ ታንከር ሥራ ማዝቀጥ ነው። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፣ ቅባቱና ቀላሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ በመካከል የቀረው ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ክፍል ከዚያም ወደ ውጭ ያልፋል። በሚገባ የተሠራ ታንከር እንኳ የሚያስቀረው ከጠጣሩ ግማሽ ያህሉን ነው፤ ለዓይን የጠራ የሚመስለው ፈሳሽ ተቅማጥን፣ ታይፎይድንና ኮሌራን የሚያመጡ ተሕዋስያንን እንደያዘ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ታንከሩ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያ ፈሳሽ ሰው በማይነካው አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ማድረግ፣ ወይም በመኪና እንዲነሣ ማድረግ ነው። የጎርፍ ቦዩ ከሁለቱም አንዱ አይደለም። ከጦሳ ግርጌ በቦይ የሚወርደው ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይጓዛል፤ በመንገዱም ከብት የሚያጠጡበትና አትክልት የሚያለሙበት ሰዎች አሉ። በበጋ ወራት ደግሞ የሚጠርገው ጎርፍ ስለሌለ ፈሳሹ ያን ያህል እንኳ ሳይርቅ፣ ሕፃናት በሚዘሉት ክፍት ቦይ ውስጥ እደጃፍ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የሚመለከትዎ ድንጋጌ በአንድ ሰነድ ውስጥ ተሰብስቦ የተቀመጠ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የሕብረተሰብ ጤና ሕጉ ደረቅም ሆነ ፈሳሽ ቆሻሻን አካባቢን በሚበክል ወይም የሰውን ጤና በሚጎዳ መንገድ መጣልን ይከለክላል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ብክለቱን እንዲያቆምና እንዲያጸዳ የማስገደድ ሥልጣን ለሚመለከተው አካል ይሰጣል። ከእነዚህ ሁሉ ለእርስዎ ጉዳይ ቅርብ የሆነው ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ይመስለናል። ይህ አንቀጽ ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል በጎረቤቱ ላይ ችግርም ሆነ ጉዳት እንዳያደርስ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንቅናቄ እንዳይፈጥር ያስገድዳል። እንግዲህ ጎረቤትዎ ደንብ አስከባሪ ባይጠሩ እንኳ በቀጥታ በፍርድ ቤት ሊከስሱዎት የሚችሉበት መሠረት አላቸው ማለት ነው። «ግንበኛው ነው ያለኝ» የሚለው መከራከሪያ ከግንበኛው ጋር ለሚኖርዎ ሒሳብ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ በጎረቤትዎና በከተማው ፊት ኃላፊነቱን ከእርስዎ ላይ አያነሣም።

በከተማው በኩል ያለው ጉዳይ የግንባታ ፈቃድ ነው። በከተሞች ውስጥ ሕንፃ መሥራት፣ ማስፋትና መለወጥ ከሥራው በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን የሕንፃ ሕጉ ይደነግጋል። እርስዎ ፎቅ ሲጨምሩ ፈቃድ አውጥተው ከሆነ የጸደቀውን ፕላን ያውጡና ታንከሩ በላዩ ላይ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ አሁን ማስተካከያ ሲያደርጉ የታንከሩና የማስረጊያ ጉድጓዱ (ከታንከሩ የሚወጣው ፈሳሽ ወደ አፈር የሚሰርግበት ጉድጓድ) ቦታ በሳይት ፕላኑ፣ ማለትም በግቢው ንድፍ ላይ ተነድፎ እንዲጸድቅ ያድርጉ። ከወሰን፣ ከመሠረትና ከመንገድ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ፕላኑን ከሚያጸድቀው ክፍል በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረ ልኬት ባለሙያው በተቀየረ ቁጥር አብሮ ይቀየራል።

አሁን ወደ ስምንት ሜትሩ ጉድጓድ እንምጣ፤ ረዘም አድርገን የምናየውም ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብዎን የሚበላው እሱ ነው። 12 ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 60 ሊትር ውሃ ቢጠቀሙና ከዚያ ውስጥ አምስት እጅ ከተደረገው አራቱ እጅ ወደ ፍሳሽ ቢመለስ በየቀኑ ወደ 580 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ መሬቱ መጠጣት ይኖርበታል። አፈር ደግሞ የመጠጣት ልክ አለው። ለም የሆነ ልል አፈር ከታንከር የሚወጣን ፈሳሽ በአንድ ካሬ ሜትር የጉድጓድ ግድግዳ በቀን 30 ሊትር ያህል ሲያሰርግ፣ ጭቃማው 20 ሊትር፣ የተጠቀጠቀው 10 ሊትር ያህል ብቻ ያሰርጋል፤ ዋልካ ከዚያም በታች ስለሆነ ለማስረጊያነት አይመረጥም። የጉድጓዱ ወለል በዝቃጭ ቶሎ ስለሚደፈን በስሌቱ ውስጥ የሚገባው ግድግዳው ብቻ ነው። በ20 ሊትር ብናስብ 29 ካሬ ሜትር ግድግዳ ያስፈልግዎታል። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ክብ ጉድጓድ በሦስት ሜትር ጥልቀት የሚሰጠው 14 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሁለት ጉድጓድ ማለት ነው። አፈሩ የተጠቀጠቀ ከሆነ ግን አራት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግቢው አይበቃም።

ግንበኛዎ ስምንት ሜትር ሲል በወረቀት ላይ የግድግዳው ስፋት የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ከበታችዎ ምንጭ አለች። ምንጭ ማለት የከርሰ ምድር ውሃ ከተዳፋቱ ፊት የሚወጣበት ቦታ ነውና፣ ከእሷ በላይ ባለ ግቢ ስምንት ሜትር ወደ ታች መቆፈር ፍሳሹን በቀጥታ ወደ ምንጩ ውሃ እንደ መቅዳት ሊሆን ይችላል። የማስረጊያ ጉድጓድ ወለል በክረምት ከሚደርሰው ከፍተኛ የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ያለ፣ ሰው ከሚጠጣበት ውሃ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው። በተዳፋት ላይ ደግሞ ሠላሳ ሜትሩም ዋስትና አይሆንም፤ ውሃው አለት ወይም ጠንካራ የአፈር ድርብርብ ሲያገኝ ወደ ጎን ይጓዝና ከታች ይወጣል። ጎረቤትዎ የድጋፍ ግንባቸው አላበ ያሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ እንደሆነች እርስዎም ያውቃሉ፤ ዓመቱን ሙሉ በፍሳሽ የራሰ ተዳፋት የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ሲጨምርበት ክብደቱ ይበዛል፣ አፈሩን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኃይልም ይላላል። የድጋፍ ግንብ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአፈሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን ከኋላው በተጠራቀመ ውሃ ግፊት ነው።

ከደሴ ከፍታ የሚመጣ ሌላም ችግር አለ። መጣጭ መኪና ዝቃጩን የሚያነሣው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ፍጹም የሆነ ባዶነት ቢፈጠር ውሃ ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ይነሣል፤ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ልኩ ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል። ይህም ለንጹሕ ውሃና ለእንከን የለሽ ፓምፕ ነው፤ ለወፍራም ዝቃጭ፣ ለረጅም ቱቦና ከጉድጓዱ አፍ ከፍ ብሎ ለቆመ መኪና ደግሞ ብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ስምንት ሜትሩ ጉድጓድ ሲሞላ ከታች የሚቀረውን ዝቃጭ የሚያወጣልዎ አያገኙም።

ስለዚህ ጉዳዩን ከሚከተለው ቢጀምሩ እንመክራለን። በመጀመሪያ ታንከርዎ በእርግጥ ታንከር መሆኑን ያረጋግጡ፤ በስሙ ሴፍቲ ታንከር የሚባል ሆኖ ወለሉ አርማታ ያልተሞላበት፣ ግድግዳው ልስን የሌለው ብሎኬት ብቻ የሆነ ብዙ አለና። አስመጥጠው ካስወጡ በኋላ እስከ መውጫው ቱቦ ድረስ ውሃ ይሙሉትና መግቢያውን ዘግተው አንድ ቀን ከሌሊቱ ያቆዩት፤ የውሃው ከፍታ በግልጽ ከቀነሰ ያላበው ግንብ ምክንያቱ አንዱ እሱ ነው። የድሮው ጉድጓድ ግን ያለ ፈተናም ተጠርጣሪ ነው። እጣቢውን ከእሱ ያላቅቁ፤ ካስመጠጡት በኋላም በድንጋይና በአፈር ደልድለው ይድፈኑት። ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በጊዜ ብዛት በበሰበሰ እንጨትና በተበላ ቆርቆሮ የተሸፈነ አሮጌ ጉድጓድ ሰው ይውጣል።

ታንከሩ ልክ መሆን አለመሆኑን ባለሙያ ይመልከትልዎ። ለግቢዎ ወደ 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ለምሳሌ ውስጡ 3 ሜትር ርዝመት፣ 1.3 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር የፈሳሽ ጥልቀት ያለው ሆኖ፣ ሁለት ሦስተኛው ለመጀመሪያው ክፍል የቀረው ለሁለተኛው የተከፈለ ቢሆን ይበቃል። መግቢያውና መውጫው በቲ ቅርጽ ቱቦ ወደ ታች የተመለሱ፣ መውጫው ከመግቢያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ በየክፍሉ ክዳን ያለው ማንሆልና አንድ የአየር ማስወጫ ያለው ይሁን። በሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ዝቃጭ እንደሚጠራቀም ቢታሰብ ከታንከሩ አንድ ሦስተኛው የሚሞላው በአራት ዓመት ገደማ ነው፤ ማስመጠጥ ያለብዎት ያኔ እንጂ ሽታው ሠፈሩን ሲያስነሣ አይደለም። የጣሪያ ዝናብ የሚወርድበት አሸንዳ ወደ ታንከሩ ከተገናኘ ዛሬውኑ ያስነቅሉት፤ አንድ ብርቱ ዝናብ ያረጋውን ዝቃጭ ሁሉ አናውጦ ያስወጣዋል። ቅባት፣ የንጽሕና መጠበቂያ ጨርቅ፣ አመድና በብዛት የሚደፋ በረኪናም አይግባበት።

ቀጥሎ አፈሩን ይፈትሹ። ለማስረጊያ ባሰቡት ቦታና ጥልቀት ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ማታ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግስቱ እንደገና ሞልተው ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድ በሰዓት ይለኩ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀበት ያ ቦታ አያሰርግም። ፈተናውን ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢያደርጉት ይበልጥ ይታመናል፤ በጥቅምት ደረቅ አፈር ላይ የተገኘ ውጤት በነሐሴ ያሳፍራል። አፈሩ ከጠጣና ከምንጩም ከድጋፍ ግንቡም የራቀ ቦታ ካገኙ፣ በደረቅ ድንጋይ የተካቡ ሁለት መጠነኛ ጉድጓዶች ያሠሩ።

ካልጠጣስ? እውነቱን እንነጋገርና፣ አማራጩ ታንከሩን ምንም የማያስወጣ አድርጎ መዝጋትና እየተመላለሱ ማስመጠጥ ነው፤ በቀን 580 ሊትር ሲገባበት ግን 6 ሜትር ኩብ በአሥር ቀን ይሞላል። ይህን ወጪ ከኪራዩ ጋር ያወዳድሩት። በእኛ አስተያየት ግቢው የሚጠጣውን ያህል ብቻ ሰው ማስቀመጥ፣ ማለትም ሁለት ክፍል መልቀቅና የሻወርና የልብስ ውሃውን መቀነስ፣ ከዘወትር መጣጭ ክፍያ ሊረክስ ይችላል። ማንም ባለቤት የሚወድደው መልስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሌላው ምርጫ ከጎን ካሉ ጎረቤቶች ጋር ሆኖ መኪና በሚደርስበትና መሬቱ ቀና ባለበት ቦታ አንድ የጋራ ታንከርና ማስረጊያ መሥራት ነው፤ ይህ ግን በጽሑፍ ስምምነትና በከተማው ፈቃድ እንጂ በቃል መተማመን ብቻ አይጀመርም።

ስለ ማስመጠጡ አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ማንም ሰው፣ ግንበኛም ሆነ የቀን ሠራተኛ፣ የተዘጋ ታንከር ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል፤ ሊያወጣው ተከትሎ የሚገባውም አብሮት ይቀራል። ሜቴን የሚባለው ጋዝ ስለሚቀጣጠልም ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ክብሪትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። የሚያስመጥጡትም የት እንደሚደፋ የሚነግርዎትን ባለ መኪና ይምረጡ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ገደል ላይ የሚደፋ ከሆነ ክፍያው የገዛልዎት ነገር የለም።

ኮምቦልቻ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ እኛ ሜዳ ላይ ነን ይሉ ይሆናል። በእርግጥ የመንሸራተቱ ሥጋት ይቀንስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ቦርከና ዳር በሆኑ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ የቀረበ ሲሆን ጉድጓዱ በክረምት ከታች በኩል ይሞላል፤ ባዶውን የተተወ አዲስ ታንከርም በውሃው ግፊት ከመሬት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ካስመጠጡ በኋላ መልሶ ውሃ መሙላት እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ ጎረቤትዎ እንመለስ። የመጀመሪያው ንግግር ስለ ምንጯ ይሁን፤ ግንብ ይጠገናል፣ የታመመ ሕፃን ግን ጊዜ አይሰጥም። እስኪመረመር ድረስ ከምንጯ እንዳይጠጡ፣ ሌላ ውሃ ጠፍቶ ለምግብ ወይም ለመጠጥ የግድ ከሆነባቸው ግን እንዲያፈሉት ይንገሯቸው፤ ናሙናውንም ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ወይም የጤና ቢሮው የአካባቢ ጤና ባለሙያ እንዲመረምረው ወጪውን እርስዎ ይሸፍኑ። ውጤቱ ከእርስዎ ግቢ አለመምጣቱን ቢያሳይ እንኳ ወጪው ጠብ ከሚያስከትለው ያነሰ ነው። ለብቻዎ መሄድ ከከበደዎ የቅሬያችሁን (የሠፈር ዕድራችሁን) ዳኛና አንድ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ፤ በወሎ ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ እንዲህ ባለው መንገድ ብዙ ነገር ጨርሰዋል። ሽምግልናው ግን ሕጉን አይተካውም፤ ሽማግሌዎች ቱቦው ወደ ቦይ እንዲፈስ ቢፈቅዱልዎ እንኳ ቦዩ የእነሱም የእርስዎም ስላልሆነ ፈቃዱ ዋጋ የለውም። በስምምነቱ ላይ የድሮው ጉድጓድ የሚደፈንበት ቀን፣ የቦዩ ቱቦ የሚቆረጥበት ቀን፣ የግንቡ ጥገና ወጪ በማን እንደሚሸፈንና ሥራው ሲያልቅ ማን መጥቶ እንደሚያየው ይጻፍበት። ማስመጠጫውን የከፈሉበትን ደረሰኝና የጸደቀውን ሳይት ፕላን አንድ አንድ ቅጂ ለጎረቤትዎም ይስጧቸው።

ተከራዮችዎንም አይርሷቸው። ቱቦው በተቆረጠ ማግሥት ታንከሩ እንደ ቀድሞው የሚሠራ መስሏቸው ውሃውን እንደ ልባቸው ከለቀቁት ማስረጊያው ሳይደርስ ይሞላል። ከማስረጊያው መጠናቀቅ በፊት ቱቦውን መዝጋት የግድ ስለሆነ በመካከል ላሉት ሳምንታት መጣጭ መኪና አስቀድመው ይያዙ፤ ከሰኔ ወዲያ ወረፋው ይረዝማል፣ ጭቃውም መኪናውን ከዳገቱ ላያደርሰው ይችላል።